ግንባሩ ያላለቀው ታፔላ

ሞጣ
ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው? ወንድሜና ሚስቱ ጥሩአየሁስ ደህና ናቸው? ያቺ ላም ወለደች ወይስ አሁንም ታስጠብቃችኋለች? ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ እየጠራሁ ልጠይቅ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ያልቅና ዋናው ነገር ይቀራል። ሰላምታ እያበዛሁ ከነገር መሸሽ እንደምወድ ደግሞ አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም የምጽፍልሽ፤ ከልቤ ደህና ነኝ።

ራስ ምታትሽስ? ዓምና ጥሩአየሁ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ አውርደሽ ማሰር እንዳመጣሽ፣ ቤት ውስጥ እንኳ እንደማትፈቺው፣ ስትጠየቂም ራሴን ነው እንደምትይ ነግራኝ መድኃኒት ልኬልሽ ነበር። አንቺም ዋጥኩት፣ ተሻለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልሽኝ። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከላይ የተጻፈውን አገር አይተሽ ሞጣ ምን ልትሠራ ሄደች ሳትይ አትቀሪም። አዎ፣ ሞጣ ነኝ። ለአንድ ሰሞን መጥቼም አይደለም፤ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የምኖረው እዚህ ነው። አራት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ስትደውይ አዲስ አበባ እንዴት ነው ስትይኝ "ደህና ነው፣ ዝናቡ ብቻ" እያልኩ የዋሸሁሽ ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ነው። አንድ ቀን የምን ጩኸት ነው ብትይኝ ቴሌቪዥን ነው አልኩሽ። አንቺም "ተሌቪዥኑ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ይላልሳ" አልሽኝ። ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩ የጥሩአየሁ ነው፤ አንቺም ስትናገሪበት ግቢው ሁሉ ይሰማሻል። ይህንን አንቺ ብቻ እንድታነቢው ፈለግኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርሽው ፊደል ዛሬ ይርዳን ብዬ፣ በጣትሽ እየተከተልሽ እንድታነቢው አጉልቼ ነው የጻፍኩት። ቢደክምሽ አስቀምጪውና ነገ ቀጥይ።

እማዬ፣ ትልቁን ድርጅት ለቅቄያለሁ። አባረሩኝ እንዳይመስልሽ፤ አለቃዬ ሳባ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ መልሳልኛለች፣ ሦስተኛውን ነው የተቀበለችኝ። አንቺ ለአገሩ ሁሉ "ልጄ የምትሠራው መስታወት ቤት ውስጥ ነው" እያልሽ ታወሪ ነበር። እውነትሽን ነው፣ መስታወት ነበር። በሩ በካርድ ይከፈታል፣ ወንበሩ ጎማ አለው፣ ምሳ እዚያው ይቀርባል። የኔ ሥራ የማስታወቂያ ሥዕልና ፎቶ በኮምፒውተር ማቀናበር ነበር። አንዲት ቃል ለመለወጥ ሰባት ሰው መፈረም አለበት። ሁላችንም አማርኛ ተናጋሪ ሆነን ሳለ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለገበሬ የሚነገረው ነገር እንኳ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው ወደ አማርኛ የሚመለሰው፣ ተመልሶ ሲመጣም ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ስድስት ዓመት ሠራሁ። ብዙ ተምሬበታለሁ፤ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ግን ቤቴ ገብቼ ዛሬ ምን ሠራሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ እያጣሁ ሄድኩ።

አሁን የምሠራበት ቤት መስታወት የለውም። አንድ ክፍል ነው፤ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሥራ አቁመን ፀጥ እስኪል እንጠብቃለን። ባለቤቱ ጋሽ ከሊፋ ይባላሉ፤ የሞጣን ታፔላ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸው። ያለነው እሳቸው፣ ልጃቸው ጀዋሂርና እኔ፣ ሦስታችን ብቻ ነን። ጋሽ ከሊፋ ፊደል ይጽፋሉ፤ የሰው መልክ ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብለው አይሥሉም። ጀዋሂር የሠርግ ካርድና ማኅተም ትሠራለች። ሥዕል ያለበት ሥራ ሲመጣ የኔ ነው። ደመወዙን አትጠይቂኝ። እኔ ግን ጠዋት ስነሣ ሆዴን የሚበላኝ ነገር የለም።

ጋሽ ከሊፋ አንድ ልማድ አላቸው። ታፔላ ሲያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡታል። ባለቤቱ ሲመጣ ይዞርለትና ጮክ ብሎ እንዲያነበው ያደርጋሉ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ካለ እዚያው በብሩሽ ይታረማል። ባለቤቱ ሳያየው አንድም ታፔላ ከዚያ በር አይወጣም። እኔ የመጣሁ ሰሞን ይህ ጊዜ ማባከን ነው፣ እኛ ዘንድ ዴድላይን የሚባል ነገር ነበር ስላቸው ዴድላይን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሥራ የግድ የሚያልቅበት ቀን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ "ስሙ የሰውየው ነው፤ እኔ ምን አውቅለታለሁ?" አሉኝና ወደ ቀለማቸው ተመለሱ።

የመጀመሪያ ሥራዬን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ፋንታ የሚባል ሰው ሥጋ ቤት ሊከፍት በሬ ያለበት ታፔላ አዘዘን። እኔ የአዲስ አበባ ባለሙያ ነኛ! ከኢንተርኔት አንድ የሚያብረቀርቅ በሬ መረጥኩና አሳምሬ ሣልኩት። ታፔላው ሲዞርለት ፋንታ ብዙ ቆይቶ አየው፣ ከዚያ ሻኛው የት ሄደ አለኝ። እኔም ደግሜ ባየው እውነትም ሻኛ የለውም፤ ለካ የፈረንጅ በሬ ነው የሣልኩት። መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ በሬው ታሞ ከስቶ ነው ይላል፣ ሌላው ሻኛውን ቀድመው ሸጠውት ነው ይላል። ፋንታ ግን ሰው አክባሪ ነው፤ ሳይስቅ "እህቴ፣ ሻኛ የሌለው በሬ ሰቅዬ ማን ይገባልኛል?" ብቻ አለኝ። ብሩሼን አንሥቼ እዚያው ሻኛ አወጣሁለት፤ እሱም አጠገቤ ቆሞ ትንሽ ጨምሪበት፣ አሁንም ትንሽ ጨምሪበት እያለ አሠራኝ። በቢቸና የከብት ገበያ አጠገብ ያደግኩ ልጅ በሬ ያለ ሻኛ ሣልኩ ስልሽ አታምኚኝም። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ነበር፣ ስሕተቱንም በእጄ አርሜው ገባሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ላይ ስትደርሺ በሩን ዝጊና ተቀመጪ።

ካቻምና ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ የምግብ ዘይት አስመጪ ለማስታወቂያ የምትስቅ የገጠር እናት ፈለገ። ሦስት ሴቶች ፎቶ ተነሥተው ቀረቡለት፤ ሦስቱንም አልወደዳቸውም። ያኔ እኔ ተነሥቼ የኔን እናት ላሳያችሁ አልኩ። በወንድሜ ሠርግ ያነሣሁሽን ፎቶ ታስታውሺዋለሽ? ዳሱ በር ላይ ቆመሽ፣ ሻሽሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ አፍሽን በነጠላ ሳትሸፍኚ የሳቅሽበትን። በሕይወትሽ አፍሽን ሳትሸፍኚ የተነሣሽው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ወዲያው ይቺ ናት አለ። እንዴት እንደኮራሁ አልነግርሽም። አንቺን ማስፈቀድ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ፤ እንዲያውም ለአንቺ የምሰጥሽ ስጦታ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ ሳባ ደንበኛው የሁሉም ሰው እናት እንድትመስል ይፈልጋል፣ ንቅሳቱን እናጽዳው አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እማዬ፣ ያጠፋው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። በኮምፒውተሩ ከጉንጭሽ ቆዳ እየቀዳሁ ግንባርሽ ላይ ያለውን መስቀል ሸፈንኩት፤ ቀጥሎ የአንገትሽን መስመሮች አንድ በአንድ። ልጅ ሳለሽ እትዬ ወለተ ኢየሱስ በመርፌና በጥላሸት ስትነቅስሽ በመጀመሪያው ቀን አልቅሰሽ፣ በማግስቱ ራስሽ ሄደሽ አንገቴንም ንቀሺኝ እንዳልሻት ስንት ጊዜ አጫውተሽኛል። "ጌጡም ይጠፋል፣ ልብሱም ያልቃል፤ አብሮኝ የሚቀበር ይኼ ብቻ ነው" ትዪኝ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

የሚሰቀለው አዲስ አበባና አዳማ ብቻ ነው ስለተባልኩ አታይም ብዬ ዝም አልኩሽ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ፣ ዓምናም እንዲሁ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልበዛብኝም። ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሰኔ ያው ደንበኛ ያችኑ እናት ደግሜ እፈልጋለሁ ብሎ መጣ። ሻሿን ቀይሪላት፣ ዓይኗ ሥር ያለውን መሸብሸብ ቀንሺላት ተባልኩ። እኔም ዋናውን ፎቶ ፍለጋ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የለም። ያን ጊዜ በችኮላ፣ ንቅሳቱን ያጠፋሁበትን ፎቶ ዋናው ላይ ሴቭ አድርጌበት ኖሯል። አዲስ የሚቀጠሩትን ሁሉ መጀመሪያ ኮፒ አስቀሩ እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ሌላ ቦታም ፈለግኩ፤ የለም። ስትስቂ የተነሣሽው ፎቶ አሁን በዓለም ላይ ያለው ያለ ንቅሳትሽ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ፣ የታዘዝኩትን ሳልሠራ ወጣሁ። በሳምንቱ የመጀመሪያውን መልቀቂያ ጻፍኩ። ጀዋሂርን ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ተዋውቄያት፣ አባቴ ሥዕል የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ሞጣ ትመጪ ይሆን ብላኝ ስቄባት ነበር። ደወልኩላት። እሷ አልሳቀችብኝም።

ወደ ሞጣ ስመጣ ታዲያ አውቶቡሱ በቢቸና ነው ያለፈው። አውቃለሁ፤ አትቆጪኝ። ለምሳ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ወርጄ ሮጬ ቤት ልገባ ቆርጬ ነበር። ቀና ስል ግን መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በምታልፊበት መንገድ ዳር፣ የዘይቱ ማስታወቂያ ቢልቦርድ ቆሟል። ዳር ዳሩን ነፋስ ቀዶታል፣ ቀለሙን ፀሐይ መጦታል፤ ፊትሽ ግን ደህና ነው። ትስቂያለሽ፤ ግንባርሽ ላይ ምንም የለም። ሳልወርድ ቀረሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አብሬው ሄድኩ።

ሞጣ እንደደረስኩ ለጥሩአየሁ ለብቻዋ ደውዬ የእማዬ ራስ ምታት የጀመራት መቼ ነው አልኳት። አሰብ አደረገችና ካቻምና ሁዳዴ እንደገባ ነው አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም። አንቺም በዚያ ሁሉ እሑድ አንድ ቀን እንኳ ስለ ቢልቦርዱ አላነሣሽብኝም። መድኃኒቱንም ተቀብለሽ መረቅሽኝ።

ለሳባ ጽፌላት ነበር። እናቴ የምታልፍበት መንገድ ላይ ነው፣ እባክሽ አስወርጂልኝ አልኳት። ራሷ ደወለችልኝና ለሁለታችሁም ይቅርታ አለች። በዚህ ሳምንት እንደሚወርድ ቃል ገብታልኛለች። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ወርዶ ካገኘሽው ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርሽ። አከራዬ ወይዘሮ ሀብትነሽ የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡበት ሱቅ ለገና ሊከፍቱ ነው። ታፔላዬ ላይ እናት ትኑርበት አሉ። የማንን እናት ልሣል ብላቸው "የራስሽን ሣያ፤ የኔዋማ አፈር ሆናለች" አሉኝ። እሺ ሳልላቸው እጄ ጀመረው። በብሩሽ፣ ያለ ፎቶ፣ ከማስታውሰው። ዓይንሽን ሠራሁት፣ ፍንጭትሽን ሠራሁት፣ አገጭሽ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብም አልረሳኋት። ጀዋሂር አንቺን ሳታውቅሽ ይቺ ሴት ተቆጥታ የምትስቅ ናት አለችኝ፤ ልክ ነች።

ግንባሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። መስቀሉ በአራቱም ማዕዘን ነጥብ ነበረው ወይስ ከታች ብቻ? የአንገትሽ መስመር ሦስት ነው ወይስ አራት? ሥርሽ አድጌ፣ ጭንሽ ላይ ተኝቼ ፀጉሬን ስትሠሪኝ ቁልቁል ስታዪኝ ኖሬ፣ አላውቀውም። ብሩሹን ነክሬ መቼም ማን ያውቃል ብዬ ልገምት ስል ጋሽ ከሊፋ ከኋላዬ "አትገምቺ። የመልኩ ባለቤት በሕይወት አለች፤ ጠይቂያት" አሉኝ። ሥዕሉን አላዩትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ታፔላውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን እንደዚያው ነው። ፋንታ እንኳ በበሩ ባለፈ ቁጥር እናትሽ መጡ ወይ ይለኛል።

ስለዚህ እማዬ፣ ያኔ ያልጠየቅኩሽን ዛሬ እየጠየቅኩሽ ነው። ነይና እይው። አልፈልግም ካልሽ አንቺው ፊት ነጭ ቀለም ቀብቼ አጠፋዋለሁ፣ ለወይዘሮ ሀብትነሽም የበርበሬ ዛላ እሥልላቸዋለሁ፤ ቅር አይለኝም። ከፈቀድሽ ደግሞ አጠገቤ ትቀመጪና እያየሁሽ እጨርሰዋለሁ። ይቅርታውን ግን ከታፔላው ጋር አትደምሪብኝ። ሥዕሉን እንቢ ብለሽም ይቅር በዪኝ። ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ደረቴ እንዴት ቀለል እንዳለኝ ብታዪ! ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ትንፋሼን ይዤ የቆየሁ ይመስለኛል።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጀዋሂር ናት፤ ለሠርግ ካርድ ሥራ ወደ ቢቸና ስለምትመጣ ነው። ምሳ ሳታበያት እንዳትለቂያት። ምን አቀርብላታለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ጾሙ ገብቷል፣ ሽሮሽ ይበቃታል፣ እኔ ያን ሽሮ እያወራሁባት ካስጎመጀኋት ቆይቷል። መልሱን መጻፍ ቢከብድሽ ለእሷ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብቻ በያት፤ ሌላ አትጠይቅሽም። ልትመለስ ስትነሣ አብረሻት ብትመጪ ደግሞ መኝታሽ ተዘጋጅቷል። ስለ አዳር አታስቢ።

ነገ ጽዮን ማርያም ናት። ለአንቺ ብዬ ስለት እሳልላታለሁ። እድሜና ጤና ትስጥልኝ፣ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ወንድሜንና ጥሩአየሁን ሳሚልኝ፤ ላሟም ከወለደች ጥጃውን።

መድኃኒት ከእንግዲህ አልክልሽም። ስትመጪ መናኸሪያው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሻሽሽን ከፍ አድርገሽ እሰሪው እማዬ፤ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ግንባርሽን ከሩቅ ልየው።

ልጅሽ